አርገስ ልማር ወይስ ገንዘቤን ልያዝ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አዲስ አበባ ኮሜርስ አካውንቲንግ ተምሬያለሁ። አሜሪካ እንደገባሁ ዲሲ መሃል አንድ የቢሮ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ አራት ዓመት ካሸር ሆኜ ሠራሁ። ሒሳቤ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ይህን ያየችው የሕንፃው ማኔጀር ወደ ቢሮዋ አወጣችኝ። ረዳቷ ከሆንኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የተከራዮችን ክፍያ ያርዲ የሚባል የሕንፃ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ አስገባለሁ፣ የሊፍትና የቧንቧ ሠራተኛ እጠራለሁ፣ ደረሰኝ እመዘግባለሁ። በየወሩ ያው ነው።

የሕንፃው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ውስጥ አናሊስት የሚባሉ፣ የሕንፃን ገቢና ዋጋ የሚያሰሉ ልጆች አሉ። በየሦስት ወሩ ይመጡና ከእኔ ቁጥር ወስደው ይሄዳሉ። የሥራ ማስታወቂያ ሳይ የእነሱ ሥራ የሚከፍለው የእኔን እጥፍ ነው። ሁሉም ግን «አርገስ የሚችል» ይላል፤ የሕንፃ ዋጋ ማስያ ሶፍትዌር ነው አሉ። አንድ ማሠልጠኛ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በስድስት ሳምንት አስተምርሻለሁ ብሎኛል። ዋጋው 3 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ባለቤቴ «ዕቁቡን ሳንጨርስ የምን ኮርስ ነው?» ይላል። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን።

ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል?

ት. ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

እህቴ ት.፣ ጊዜው አላለፈብሽም። ኮርሱን ግን አሁን አትመዝገቢ። ባለቤትሽ ይህን አንብቦ «አላልኩሽም!» እንዳይል፣ ወረድ ብዬ እሱም ጋ እመጣለሁ።

እኔም የጀመርኩት ኬ ስትሪት ላይ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ዲሲ ውስጥ ሕንፃ ወደ ሰማይ ብዙ አይወጣም፤ በ1910 የወጣው የከፍታ ሕግ አይፈቅድም። መኪናው ግን የሆነ ቦታ መቆም አለበት። ስለዚህ ወደ ታች ይቆፈራል። እኔ ሦስተኛው ምድር ቤት ነበርኩ። ስልክ አይሠራም፣ ፀሐይ አይታይም። ከዚያ ሒሳብ ክፍል ገባሁ፣ ከዚያ የኪራይ ውል ክፍል፣ ከዚያ አናሊስት። አርገስን የተማርኩት 40 ዓመት ሞልቶኝ ነው። ስለዚህ የዕድሜውን ነገር ተይው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። አርገስ ኢንተርፕራይዝ የካናዳው አልተስ ግሩፕ በ2011 የገዛው ሶፍትዌር ነው። ሥራው አንድ ሕንፃ ወደፊት፣ ብዙውን ጊዜ ለ10 ዓመት፣ በየወሩ ምን ያህል እንደሚያስገባና ምን ያህል እንደሚያስወጣ ማስላት ነው። ከዚያ ያ ሁሉ የወደፊት ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ይነግርሻል። በእኛ ቋንቋ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ላሟ ገና አልወለደችም፣ ወተቱ የለም፣ ግን የወተቱን ዋጋ ዛሬ ተስማምተን ሕንፃ እንገዛበታለን። ፈረንጆቹ ለዚህ ደመወዝ ይከፍላሉ።

«የዛሬ ዋጋ» የሚለውን ነገር አንቺ ከእነዚያ ልጆች ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ዕቁብ ትጥዪ የለ? አሥራ ሁለት ሰው በወር 500 ዶላር ቢጥል ዕጣው 6 ሺህ ነው። መጀመሪያ የደረሰውም 6 ሺህ ወሰደ፣ መጨረሻ የደረሰውም 6 ሺህ። እኩል ናቸው? አይደሉም፤ ለዚህ አይደል ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን ዕጣ የሚለማመጠው። ገንዘብ በዓመት 8 በመቶ ይወልዳል ብንል፣ ከ11 ወር በኋላ የሚመጣው 6 ሺህ ዛሬ 5,590 ዶላር ገደማ ነው። አርገስ በ120 ወር ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ትልቁ ቃል ዲስካውንት ነው፤ ነገሩ ዕቁብ ነው።

ታዲያ ለምን አትመዝገቢ አልኩሽ? አርገስ የሚበላው የኪራይ ውል ስለሆነ ነው። ውሉን ማንበብ የማይችል ሰው አርገስ ቢማር፣ የት ምን እንደሚጫን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ይህን ያወቅሁት ተዋርጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የሠራሁበት ቢሮ ውስጥ የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ተሰጠኝ። አንቺም ቢሮ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ የሕንፃው የጽዳት፣ የመብራት፣ የታክስ ወጪ ተደምሮ ተከራዩ ድርሻውን የሚከፍልበት ማለቴ ነው። የቢሮ ተከራይ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ወጪ አይከፍልም። አንድ መነሻ ዓመት ይመረጣል፣ ከዚያ ዓመት በላይ የጨመረውን ብቻ ይካፈላል። አንድ ተከራይ የሕንፃውን 10 በመቶ ይዟል። ሲስተሙ ውስጥ የመነሻው ዓመት ወጪ 800 ሺህ ዶላር ተብሎ ተሞልቷል። የዚያን ዓመት ወጪ 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ነበር። ልዩነቱ 250 ሺህ፣ አሥር በመቶው 25 ሺህ። ደረሰኙን በኩራት ላክሁ።

ለካስ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል። ሁለተኛው ማሻሻያ፣ አራተኛው ገጽ ላይ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር መነሻውን ዓመት ቀይሮታል። አዲሱ መነሻ 1 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ ተከራዩ መክፈል የነበረበት 5 ሺህ ብቻ ነው። 20 ሺህ ዶላር በላዩ ላይ ጫንኩበት። ተከራዩ ማን ነበር? የጠበቆች ቢሮ! ጠበቃን አስበልጠሽ አስከፍለሽ ታውቂያለሽ? አትሞክሪው።

ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። የሰጡትን በትክክል አሰላ። ማሻሻያውን ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረውም አላነበበውም፣ እሱ ግን ሥራ ቀይሮ ሄዷል። እኔ ነበርኩ ወንበሩ ላይ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ቤትሽ አሁን ያለሽበት ቢሮ ነው፤ ክፍያም የለውም። ማኔጀርሽን የሕንፃውን የኪራይ ውሎች ከነማሻሻያዎቻቸው እንድትሰጥሽ ጠይቂያት። ለእያንዳንዱ ተከራይ አንድ ገጽ አውጪ። መቼ ገባ፣ መቼ ይወጣል፣ ኪራዩ በየስንት ጊዜው በስንት ይጨምራል፣ ቀድሞ የመውጣት መብት አለው ወይ፣ የማደስ መብት አለው ወይ፣ የወጪ ድርሻው እንዴት ይሰላል። ከዚያ ያንን ገጽ ያርዲ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዪው። እመኚኝ፣ ቢያንስ አንድ የማይገጥም ነገር ታገኛለሽ። ያገኘሽ ቀን ለማኔጀርሽ በጽሑፍ ላኪላት። ሦስት ዓመት ክፍያ ስታስገቢ ያላየሽ ሰው ያን ቀን ያይሻል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳቂብኝ። አገር ቤት ቀን ነው የምናስቀድመው፣ ከዚያ ወር። እዚህ ወር ይቀድማል። 03/07 የሚለውን የኪራይ ጭማሪ ጁላይ 3 ብዬ ሞልቼው አራት ወር ሙሉ ሳናስከፍል ቆየን። ማርች 7 ነበር። እስከ ዛሬ ወሩን በፊደል ነው የምጽፈው።

ያርዲን ደግሞ አትናቂው። ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ውስጥ በ1984 የጀመረው አናንት ያርዲ እንደኛው ከሌላ አገር፣ ከሕንድ፣ የመጣ ሰው ነው። አንቺ አሁን የምታውቂው የያርዲን አንድ ክፍል፣ ገንዘብ ማስገቢያውን ነው። የተከራዮች ዝርዝር፣ ውል የሚያልቅበት ሠንጠረዥ፣ ያልተከፈለ ዕዳ በወር በወር፣ ይህ ሁሉ እዚያው አለ። ሪፖርት የማውጣት ፈቃድ እንዲጨመርልሽ ጠይቂ። ያርዲ አስፓየር የሚባል የራሱ የመማሪያ ቦታ አለው፤ ቢሮሽ ተመዝግቦ ከሆነ አንቺ የምትከፍይው የለም። አናሊስቶቹ በየሦስት ወሩ ከአንቺ የሚወስዱትን ቁጥር አንቺ ራስሽ ሠርተሽ፣ አጣርተሽ ስጫቸው። «እዚህ ጋ ቁጥሩ የዘለለው ተከራዩ በሰኔ ስለወጣ ነው» ብለሽ ማስታወሻ ጻፊበት። በሁለተኛው ጊዜ ስምሽን ጠርተው ይደውላሉ።

ቀጥሎ ኤክሴል። እዚህ ላይ ልጨቀጭቅሽ ነው። የአርገስ ኮርስ ከመግዛትሽ በፊት ሦስት ተከራይ ብቻ ያለው ሕንፃ በኤክሴል ሥሪ። 120 ዓምድ፣ በየወሩ። ኪራይ፣ ጭማሪ፣ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ወጪ። ኢዴት (ቀንን በወር የሚያራምድ)፣ ሰምኢፍስ (እየመረጠ የሚደምር)፣ ኤክስአይአርአር (ገንዘቡ በዓመት ስንት በመቶ እንደወለደ የሚያሰላ) የሚባሉትን ፎርሙላዎች በእጅሽ እስኪገቡ ሥሪያቸው። ሥራ ፈተና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥሽ ይኸው ነው፤ የተከራይ ዝርዝር፣ ባዶ ኤክሴል፣ እና ሰዓት። አንድ አለቃዬ በኪቦርድ ብቻ እንድሠራ ማውሴን ነቅሎ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ሁለት ሳምንት ረገምኩት። በሦስተኛው ሳምንት እጄ ፈጠነ።

ይህን ከሠራሽ በኋላ አርገስ ራሱ ይገባሻል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፣ ምክንያቱም ኮርስ ላይ በፍጥነት የሚያልፉት ይህንን ነው። የአንድ ተከራይ ውል በ2028 ያልቃል እንበል። ያድሳል ወይስ ይወጣል? ማንም አያውቅም። አርገስ «ያድሳል» የሚለውን ዕድል በመቶኛ ስጪኝ ይልሻል። 75 በመቶ አልሽ። ከወጣ ቦታው 8 ወር ባዶ ይቆያል አልሽ። አርገስ የ8 ወርን ሩብ ወስዶ 2 ወር ባዶ ያደርገዋል። ለአዲስ ተከራይ ቢሮውን ለማደስ በስኩዌር ፊት 60 ዶላር፣ ለነባሩ 20 ዶላር ካልሽ፣ ሩብና ሦስት አራተኛውን አቀላቅሎ 30 ያወጣል። በወረቀት ላይ ያምራል። በእውን ግን 2 ወር ባዶ የሚቆይ ቢሮ የለም። ወይ ተከራዩ አለ፣ ወይ 8 ወር ባዶ ነው። ሕንፃው ውስጥ ሃያ ተከራይ ካለ ግምቱ ይቀራረባል። አንድ ትልቅ ተከራይ ብቻ ካለ ግን ያ 2 ወር ተረት ነው። ይህን ለአለቃው የሚናገር አናሊስት ነው ደመወዙ የሚጨምረው።

አንቺ ደግሞ ሌላ የምታውቂው ነገር አለ፤ ፓርኪንጉ። አርገስ ውስጥ የፓርኪንግ ገቢ አንድ መስመር ነው። አናሊስቱ የመኪናውን ቁጥር በሳምንት አምስት ቀን ያባዛና ይሄዳል። ሰው ከቤት መሥራት ከለመደበት ከ2020 ወዲህ ዓርብ ዓርብ ፓርኪንጉ ምን እንደሚመስል ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል? ዲሲ ደግሞ በፓርኪንግ ላይ 18 በመቶ ታክስ ትወስዳለች። ቦርዱ ላይ የተጻፈው 20 ዶላር ታክሱን ጨምሮ ከሆነ፣ የቀረው 16 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። ይህን ሳይቀንስ ገቢውን በዓመት 40 ሺህ ዶላር ያስበለጠ ሰው፣ ገዢው 8 በመቶ ካፕ ሬት (የዓመቱ የተጣራ ገቢ ለሕንፃው ዋጋ ሲካፈል የሚመጣው መቶኛ) ይዞ ከሆነ፣ ሕንፃውን በ500 ሺህ ዶላር አስወድዶታል። 40 ሺህን ለ0.08 አካፍዪው። ግማሽ ሚሊዮን፣ ከአንድ የፓርኪንግ መስመር! ቃለ መጠይቅ ላይ «ካሸር ነበርኩ» ለማለት ካፈርሽ፣ ይህን አስታውሺ።

ስለ ኮስታር አልጠየቅሽኝም፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አይተሽው ይሆናል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለረጅም ጊዜ እዚሁ ዲሲ የነበረ፣ በ1987 የተጀመረ የሕንፃዎች መረጃ ማከማቻ ነው። ማን ምን ተከራየ፣ በስንት፣ የት ባዶ አለ። አጠቃቀሙ በሳምንት ይለመዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። እኛ ፓስዎርድ እንደ በርበሬ እንዋዋሳለን። ይህ ኩባንያ ሳይከፍል የሚጠቀምበትን ፍርድ ቤት በማቆም ይታወቃል። ጓደኛሽ «የኔን ተጠቀሚ» ብትልሽ፣ አመስግነሽ ተይው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አርገስን መቼ ትማሪ? ኤክሴሉ ላይ የሠራሽው ሕንፃ ሲያልቅና አንድ አናሊስት አይቶት «እዚህ ጋ ብቻ ተሳስተሻል» ሲልሽ። ያኔም ከኪስሽ ቀድመሽ አትክፈዪ። የአሜሪካ ሕግ ቀጣሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ሠራተኛው የገቢ ታክስ እንዳይከፍልበት ይፈቅዳል። የቢሮሽን የሰው ኃይል ክፍል «የትምህርት ድጋፍ አለን ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሦስት ዓመት ሠርተሽ አንድም ቀን አልጠየቅሽም ብዬ እገምታለሁ፤ እኛ መጠየቅ እናፍራለን። ከሌላቸው፣ አርገስ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ፕሮግራም አለ። የሪል እስቴት ትምህርት ያለው ዩኒቨርሲቲ ማታ አንድ ኮርስ ስትወስጂ ሶፍትዌሩ ይካተታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የስድስት ሳምንቱ ማሠልጠኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ሰርተፊኬቱ መጥፎ ነገር አይደለም። ማመልከቻሽ ላይ አይን ይስባል። ግን ሶፍትዌሩን ለኩባንያ ነው በብዛት የሚሸጡት፤ ኮርሱ ሲያልቅ ቤትሽ የምትለማመጅበት አይኖርሽም። በስድስት ወር ውስጥ ሥራው ካልተገኘ ይረሳል። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ ላይ የምጨቀጭቅሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፦ ዕቁቡን ጨርሱ፣ ልክ ነው። የሚደርሳችሁ ዕጣ ግን ለምን እንደሚውል ከአሁኑ ተነጋገሩ። ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል ልጆቹን እሱ ይያዝ፤ አንቺ ኤክሴሉን ትሠሪያለሽ። 3 ሺህ ዶላሩን አትርፌለታለሁ፣ ሦስት ሰዓት አይበዛበትም።

አንድ አጭር ደብዳቤ ደግሞ ከአዲስ አበባ

«ባንክ ውስጥ ንብረት ገማች ነኝ። እኛ ጋ ሕንፃ የሚገመተው በአብዛኛው በግንባታ ወጪው ነው። አለቃዬ ቦሌ ያለ አንድ የንግድ ሕንፃ በኪራይ ገቢውም ገምተህ አሳየኝ አለኝ። አርገስ የግድ ነው? ኢ. ነኝ»

ወንድሜ ኢ.፣ የግድ አይደለም። ኤክሴል ይበቃሃል። ከውጭ በምታገኛቸው ምሳሌዎች ግን ተጠንቀቅ። አሜሪካ የቢሮ ኪራይ የሚነገረው በስኩዌር ፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ነው። አንተ ጋ በካሬ ሜትር፣ በወር ነው። አንድ ካሬ ሜትር 10.76 ስኩዌር ፊት ነው። ካሬው በወር 1,500 ብር ከሆነ፣ በዓመት 18 ሺህ፣ በስኩዌር ፊት 1,673 ብር ገደማ ይመጣል። ይህን ሳይቀይር የሌላ አገር ሠንጠረዥ ላይ የሞላ ሰው አይቻለሁ፤ የሱቁ ኪራይ ከዲሲው ኬ ስትሪት በልጦ ነበር።

ቃሉም ያምታታሃል። «ሊዝ» አንተ ጋ መሬቱ ነው፤ የሊዙ ዘመን ስንት እንደቀረውና በየዓመቱ የሚከፈለው ቀሪ ሒሳብ ወጪ ውስጥ ይግባ። እዚህ ሊዝ ሲሉ የተከራዩን ውል ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር እንዳትጽፋቸው።

ተከራዮቹ በቃል ከሆነ የተስማሙት፣ ያለፉትን 12 ወራት የባንክ ገቢ ተመልከት እንጂ ባለቤቱ የሚነግርህን ኪራይ አትሙላ። ፎቁ ላይም ራስህ ውጣ፤ ስንት በር እንደተቆለፈ ቁጠር። ስትጨርስ ፋይሉን ላክልኝና አየዋለሁ። የተከራዮቹንና የባለቤቱን ስም አጥፋው።